በግራ እጄ ላይ የነበረው ጽጌረዳ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ለባሌም አልነገርኩትም። በአስተስርዮ ቀን እንኳ፣ ሰው ሁሉ በደሉን እያሰበ ሲጾም፣ እኔ ሌላ ሌላውን እየቆጠርኩ ይህንን ዘልዬው አልፍ ነበር። አሁን ግን ልናገር ነው። የማታውቁኝ ሰዎች ስለሆናችሁ ይሆን የደፈርኩት? ይሁን። ስሙኝ፤ ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

ጓደኛዬን ዋሸኋት። ያውም በአንድ ቃል።

ኦሪት ትባላለች። እሷ እዚሁ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እኔ ከጎንደር በልጅነቴ የመጣሁ፣ በዕድሜም ትንሽ የምበልጣት ነኝ። የተዋወቅነው ባቡር ላይ ነው። ሁለታችንም ጠዋት ጠዋት ከረሆቮት ጣቢያ ተሳፍረን ቴል አቪቭ ለሥራ እንሄድ ነበር፤ እሷ ባንክ፣ እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዥ ነበርኩ። አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታሳርፍ፣ «ይቅርታ እኅቴ፣ የተቀባሽው ጽጌረዳ ነው፤ ከሥሩ ግን ዑድ አለበት። ናኮን? ልክ ነኝ አይደል?» አለችኝ።

ልክ ነበረች! ያን ጽጌረዳ ከዑድ ጋር የቀላቀልኩት እኔው ነኝ፤ እናቴም ባሌም አንድ ቀን አላወቁልኝም። ዑድን ለማታውቁት፣ ታሞ ከጠቆረ እንጨት የሚወጣ ወፍራም ዘይት ነው። መጀመሪያ ሲነካችሁ በረት በረት ይላል፣ ፊት ያስጨማድዳል። ትንሽ ታገሡት፤ ቆዳ ይሆናል፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ደግሞ ሳታስቡት ማር ይሆናል። ጽጌረዳ በላዩ ስታደርጉበት ሁለቱ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። ይህንን ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ረሆቮት ውስጥ መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቴል አቪቭ እስክንደርስ አፋችን አልተከደነም።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ሆነ። አንዳችን በግራ እጃችን አንጓ ላይ ጽጌረዳ፣ በቀኙ ዑድ ተቀብተን እንመጣለን፤ ሌላዋ ዐይኗን ጨፍና ታሸታለች። የቱን እጅ እንዳቀረብንላት፣ ምን ዓይነት ጽጌረዳ፣ ምን ዓይነት ዑድ እንደሆነ መናገር አለባት። ጽጌረዳ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ! ሎሚ ሎሚ የሚል አለ፣ እንደ ማርማላታ የሚጣፍጥ አለ፣ ዝናብ እንደነካው ቅጠል የሚሸት አለ። ጽጌረዳው ሎድ ጣቢያ ሳንደርስ ይበናል፤ ዑዱ ግን ማታ ስንመለስም ሻርፓችን ላይ ነው። በእኔ ገላ ላይ ዑድ ይኮመጥጣል። በኦሪት ገላ ላይ ያው ዘይት፣ ከያው ጠርሙስ፣ ይጣፍጣል። እንዴት ያበሽቀኝ ነበር!

ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ግን አለመሳሳቷ ነበር። እኔ በተራዬ ዐይኔን ስጨፍን እገምታለሁ፤ እሷ ታውቃለች።

ዘይቱን የምንገዛው ሄርዝል ጎዳና ላይ ካለች ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ማዛል የሚባሉ የየመን አይሁዳዊት አሮጊት ናቸው። ኦሪት ዓርብ ዓርብ እሳቸው ዘንድ ቆማ ለሙሽሮች የሂና ቀን ሽቶ ትቀምም ነበር። ማዛል ሰው በገባ ቁጥር፣ «የዚች ልጅ አፍንጫ ከላይ የተሰጣት ነው» ይላሉ። እኔንስ? «አንቺም መልካም ነሽ፤ እስቲ ጠርሙሶቹን ወልውዪልኝ» ይሉኝ ነበር። እወለውላለሁ። እየሳቅሁ እወለውላለሁ።

ከዚያ ኦሪትን ኮሮና ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ለቀቃት፤ ማሽተቷ ግን አልተመለሰም። ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ባቡሩ ውስጥ እጄን ይዛ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው፣ ሳበች፣ እንደገና ሳበች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«የሺዬ፣ ምንም የለውም» አለችኝ። «ውኃ ነው።»

ያኔ አብሬያት አለቀስኩ፤ ልቅሶዬም የእውነት ነበር። ይህንን ማመን ይከብዳችሁ ይሆናል፤ እኔንም ይከብደኛል።

ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ እያሸተተች አፍንጫዋን እንድታለማምድ መከራት። «ይዘገይ ይሆናል፤ ዋናው አለማቋረጥ ነው» ብሏታል። ይህን ቃል እሷ ራሷ ነግራኛለች፤ አውቀው ነበር። ትንንሽ ጠርሙሶቿን በከረጢት ይዛ መዞር ጀመረች። ለኔ ደግሞ፣ «እስክድን ድረስ አንቺ አፍንጫ ሁኚኝ፤ ዓርብም ማዛል ዘንድ አንቺ ቁሚልኝ» አለችኝ።

ቆምኩላት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የሚያርመኝ ሰው ባጠገቤ ሲጠፋ አፍንጫዬ ተከፈተ። ሙሽሮች እጃቸውን ዘርግተው ወደኔ ይመጣሉ፤ እኔ አሸታለሁ፣ አስባለሁ፣ ጠብታ እጨምራለሁ። አንዷ በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማዛልም፣ «አሁንስ እጅሽ ገባ» አሉኝ። ከሐሙስ ጀምሮ በደስታ መቀመጫ አጣ ነበር። ጓደኛዬ ስትታመም እኔ ተሻለኝ፤ አያችሁት? ገና ሳልዋሻት በፊት በደሉ እዚያ ተጀምሯል።

ዝናብ የሚዘንብበት ጠዋት ነበር። ባቡሩ ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ ወታደሮች ጢም ብሏል። እኛ እንደ ልማዳችን ተቀምጠናል፤ ኦሪት ጨዋታውን አልተወችም ነበር፤ «አፍንጫዬ እንዳይረሳኝ» ትላለች። ዐይኗን ጨፈነች። እኔ በግራ ጽጌረዳ፣ በቀኝ ዑድ ተቀብቻለሁ። ግራ እጄን አቀረብኩላት።

ሳበች። ገታ አደረገች። ፊቷ ተለወጠ።

«ረጋ፣ ረጋ፣ ቆዪ» አለች። «እጅሽን አታንሺ።»

እንደገና ሳበች።

«ጽጌረዳ! የሺዬ፣ ጽጌረዳ ነው! እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ ግን አለ! ንገሪኝ እንጂ፣ ጽጌረዳ ነው አይደል?»

ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ወታደር ሳይቀር ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ ፈገግ ብሎ ያየናል። እሷ ዐይኗን አልገለጠችም፤ ሳይነገራት አለመግለጥ የጨዋታው ሕግ ነው፤ ሕጉን ጠብቃ፣ ፊቷ በርቶ፣ እኔን ትጠብቃለች። እኔስ? መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እምላለሁ፣ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ግን ዓርብ መጣችብኝ። ሱቁ መጣብኝ፣ ሙሽሮቹ መጡብኝ፣ የምወለውላቸው ጠርሙሶች መጡብኝ። አፌ እንደተከፈተ ሌላ ቃል ወጣው።

«ዑድ ነው» አልኳት።

ዑድ አልነበረም። ጽጌረዳ ነበር። እኔ የተቀባሁት፣ እኔ የማውቀው ጽጌረዳ ነበር።

«አይሆንም» አለች በቀስታ። «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ። አሁን ጽጌረዳውን ስጪኝ።»

የመጀመሪያው ቃል አመለጠኝ ልበል። ምላስ ያመልጣል። ይህኛውንስ ምን ልበለው? እጄን መለስኩና ያንኑ ግራ እጄን፣ ያንኑ ጽጌረዳ፣ እንደገና አቀረብኩላት። «ይኸው ጽጌረዳው» አልኳት። አስቤ ነው ያደረግሁት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሸተቷት ራሷን እንደምትጠራጠር አውቄ ነው ያደረግሁት።

ረጅም ጊዜ አሸተተች።

«ያው ነው» አለች። «ልዩነት የላቸውም። ለካ ከራሴ የፈጠርኩት ነው።»

ዐይኗን ገለጠች። እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩት። ወታደሩ ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ውስጥ ከተተ። ኦሪት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ቤሰደር፣ ይሁን» አለች። ስንወርድ ከረጢቷን ከነጠርሙሶቹ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ለሱቁ ይሁንሽ፤ እኔ ደክሞኛል» አለችኝ።

ተቀበልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ መለማመዱን ተወችው።

ጊዜው ሄደ። ኦሪት አገባች፣ ቂርያት ዔቅሮን የምትባል ጎረቤት ከተማ ገባች፣ እዚያው ሰፈሯ ሥራ አገኘች፤ ኖአ የምትባል ልጅ ወለደች። እኔ ዓርብ ዓርብ ማዛል ሱቅ እቆማለሁ። «የየሺ አፍንጫ» ይላሉ ሰዎች። ስሰማው እንደ ልጅ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱን ደግሞ መተው አልቻልኩም። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ደስ የሚለው?

በቅርቡ ልጠይቃት ሄድኩ። መስኮቱ ሁሉ ተበርግዷል፤ ሰገነቱ ላይ የጠቆረ ድስት ተቀምጧል። ምስር ጥዳ ረስታው ነው።

«ሳሎን ቁጭ ብዬ የኖአን ፀጉር እየጎነጎንኩ ነበር» አለችኝ። «ከጀርባዬ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። ጎረቤቴ በሩን ደብድባ ነው ያወጣችን። ሌላ እናት ብትሆን አሽትታ ትነሳ ነበር።»

እየሳቀች ነው የምትነግረኝ፤ እጇ ግን የኖአን ትከሻ አልለቀቀም። ልጅቷ ሳለች። ያ ሳል ውስጤ ገባ።

«ኦሪት» አልኳት፣ «ያን ቀን ባቡሩ ውስጥ… ጽጌረዳ ነበር። መጀመሪያ ያሸተትሽው ጽጌረዳ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

ጊዜው ይኸው ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት። «እጆቼ ተምታተውብኝ።»

ትጮኽብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዘልላ ተነሳች! ኖአን ብድግ አድርጋ አሽከረከረቻት። «አሽትቼ ነበር! ሰማሽ ኖአ? እማማ አሽትታ ነበር!» እናቷ ጋ ደወለች፤ እኒያ እትዬ ሲሳይነሽ፣ ጆሯቸው የከበደው፣ «ምን አሸተትሽ ልጄ? ምን ተቃጠለ?» እያሉ ሲጨነቁ፣ እሷ እንባዋ እየወረደ ትስቅባቸዋለች። «አልተቃጠለም እማዬ! ጽጌረዳ! ያኔ እኮ እየተሻለኝ ነበር! እብድ አልነበርኩም!» ከዚያ መጥታ አቀፈችኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ ሰው አይሳሳትም? ይቅር ብዬሻለሁ፣ ሞኝ!» አለችኝና እልል አለች።

እኔም እልልታዋን ተቀበልኳት። አብሬያት እልል አልኩ።

ከውሸቶቼ ሁሉ ይልቅ እፍረት የሚያቃጥለኝ ይህ እልልታ ነው። ውሸቱን የተናገርኩት ስለቀናሁ ነው። እልልታውንስ?

ኦሪት መለማመዱን እንደገና ጀመረች። ሐኪሙ «ዘግይተሻል፣ ግን ተስፋው አልተቆረጠም» ብሏታል። በቀደም ደወለችልኝ፤ «ሎሚ!» ብላ ጮኸች፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ሎሚው መጣ! ጽጌረዳውም አንዳንዴ ብቅ ይላል! ዑዱ ብቻ ነው የቀረው፤ ያላ፣ እሱም ይመጣል!» ደስታዋ በስልኩ ውስጥ አልፎ ወደኔ ሲጋባ ይሰማኛል፤ ልቤ አብሯት ይዘላል፣ ወዲያው ደግሞ ይሸማቀቃል። ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ «የሺ እኮ ስህተቷን ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል?» ትላለች። ማዛልም ሰምተው ግንባሬን ሳሙኝ። ተሳምኩ።

ያ ያለፈው ጊዜ ሁሉ የኔ ነው። ሽታ የሌለው ሠርጓ፣ ልጇን ወልዳ ስታቅፋት ያጣችው የሕፃኗ አናት ሽታ፣ ያ ጭስ፤ ሁሉም የኔ ነው። ሐኪሙ ቢሰማ፣ «ያኔም ቢሆን ላይመለስ ይችል ነበር» ይለኝ ይሆናል። አልቀበለውም። እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይዛ ነበር፤ የበጠስኩት እኔ ነኝ። ድሃ ነበርኩ፣ የተናቅሁ ነበርኩ፣ ጠርሙስ ወልዋይ ነበርኩ አልልም። የሚወደኝን ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ሲያምነኝ አታለልኩት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ነገ ቂርያት ዔቅሮን እሄዳለሁ። «ተሳስቼ» የሚለውን ቃል በሌላ ቃል እለውጠዋለሁ፤ አውቄ እንዳደረግሁት እነግራታለሁ፣ እጄን እንዴት እንደመለስኩ እነግራታለሁ። ይቅርታ ልለምናት አይደለም የምሄደው። ይቅርታዋን አንዴ ሰጥታኛለች፣ ያውም ላልሠራሁት ጥፋት። የምሄደው ልመልስላት ነው።