የዓርብ ኬክ

ቄስ ውበቱ የገዛ ገላቸውን መጸየፍ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆኗቸው ነበር። አንድ ቀን ሽንታቸው እምቢ ብሎ ቀረ፤ ስሙ ይቅርና አንድ ሆስፒታል ወስደው ቱቦ አስገቡላቸው። ቱቦው ከረጢት ላይ፣ ከረጢቱ ጭናቸው ላይ፣ ጋቢው ደግሞ በላዩ። ፕሮስቴት የሚሉት እጢ አብጦ መንገዱን ዘግቶታል፤ በቀዶ ጥገና ካልወጣ ቱቦው አይነቀልም ተባሉ። በየወሩ ይቀየራል ቢባልም ሆስፒታሉ ቱቦ ሲያጣ አራት ወር ይከርማል። ያኔ ሽታው እንኳን ሰው በቅሎም ያስበረግግ ነበር። ሚስታቸው የሺሀረግ መኝታቸውን በየጠዋቱ ስታጥብ አንድ ቀን ፊቷን አዙራ አታውቅም። እሳቸው ግን ያዞሩ ነበር።

እንዲህ ተሁኖ መቅደስ አይገባም። ሽንት የሚያንጠባጥብ ቄስ ታቦት ፊት እንዴት ይቆማል? እውነቱን መናገር ሞት መሰላቸውና፣ አምባሰል ላለው ደብራቸው «ወገቤን አሞኛል» ብለው ከቅዳሴ ቀሩ። ሰዉም የወገብ ሕመም ይሄን ያህል ይከርማል ወይ እያለ ያማቸው ጀመር። ሆድ ይፍጀው ብለው ቻሉት። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቱቦው ይነቀልና ማንም ሳያውቅ ተመልሰው መቀደስ።

ታኅሣሥ እንደገባ ስልክ ተደወለ። ከአዲስ አበባ ስፔሻሊስት መጥቶ አምስት ቀን የሆስፒታሉን ሐኪም እያሠለጠነ ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ እርስዎ የዓርብ ተረኛ ነዎት አሏቸው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ እንዳይቀምሱ ታዘዙ። ለሳቸው ይሄ ምን ይከብዳል፤ የነቢያት ጾም ነው።

ዓርብ ጠዋት ጀርባው የተከፈተ ጋውን አልብሰው ኮሪደር ላይ አስቀመጧቸው። ለካ የሥልጠናው መዝጊያ በዓልም ዛሬ ኖሯል። ባነር ተሰቀለ፤ አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ስለ አቅም ግንባታ አንድ ሰዓት ተኩል ለፈለፈ። አቅሙ ተገነባ የተባለው ዶክተር ሰላሀዲን ግን እዚያ የለም፤ ውስጥ የሰው ቁስል እየሰፋ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ሌላ ሰው ተቀበለለት፤ ለዚያውም አስጨብጭቦ።

ከዚያ ኬክ ተቆረሰ። ፎቶ አንሺው «ታካሚም ይግባበት» አለና ቄስ ውበቱን ከነጋውናቸው ጎትተው መሀል አቆሟቸው፤ ኬክ የያዘ ሰሃንም አስጨበጧቸው። ቅቤና እንቁላል ያለበትን፣ በጾም፣ በዓርብ። ሰሃኑን እንደ ቆሻሻ ከገላቸው አርቀው ያዙት፤ ፎቶው ሲያበቃም ሳይነኩት መስኮት ላይ አኖሩት።

ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ግን ሰሃኑን በእጃቸው አይቷል። «ቀምሰዋል» ብሎ ስማቸውን ሰረዘ። የበላ ሰው ማደንዘዣ አይወጋም፤ ሕጉ ልክ ነው። በልተው እንደሆነ የጠየቃቸው ግን አንድ ሰው የለም። ስፔሻሊስቱና እንግዶቹም ሥራው ቀለለላቸውና በሁለት መኪና አቅራቢያው ካለው ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበሉ፣ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ሄዱ። ይሄ እንኳን ለደረሰበት ለሚያወራውም ያቅለሸልሻል።

ዶክተር ሰላሀዲን ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ወጥቶ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ እስላም ቢሆንም የክርስቲያን ጎረቤቶቹን ጾም ከነቀኑ ያውቃል።

«ቄስ በዓርብ ኬክ በላ? ይሄን የኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ አያምንህም» አለው ባለሙያውን። ከዚያ ወደ ቄሱ ጎንበስ አለ። «አባ፣ መምህሬ ሄዷል። ከሱ ጋር ሦስት ሰው ሠርቻለሁ፤ ብቻዬን ግን አንድም። እሱን እንጠብቅ ካሉ ደግሞ የሚመለሰው ለከርሞ ነው። እርስዎ ይወስኑ።»

«እኔም መጀመሪያ ስቀድስ መምህሬ አጠገቤ አልነበሩም» አሉ ቄስ ውበቱ። «ግባ ልጄ።»

ቀዶ ጥገናው ተሠራላቸው፤ ዳኑም። ቱቦው የተነቀለ ዕለት በሁለት እግራቸው ቆመው ሸኑና እንደ ልጅ አለቀሱ።

ለጥር ማርያም ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ደብራቸው ሄዱ። ደጀ ሰላሙ ላይ አብሯቸው ያገለግል የነበረው ቄስ ተክለ ሃይማኖት መንገዱን ዘግቶ ስልኩን ዘረጋላቸው። ሆስፒታሉ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ፎቶ ነው፤ ቄስ ውበቱ ከነኬካቸው፣ ከሥሩ ቀኑ ተጽፎበት። የደብሩ ሽማግሌዎች ከኋላው ተደርድረዋል።

«የታመሙት ወገብዎን ነበር» አለ ተክለ ሃይማኖት። «በነቢያት ጾም የዓርብ ኬክ መድኃኒቱ ነው?»

ቄስ ውበቱ ፎቶውን አዩት። ኬኩን አገሩ ሁሉ አይቶታል። ከጋውኑ ሥር ተንጠልጥሎ የሚታየውን፣ እስከ ግማሹ ቢጫ የሞላውን ከረጢት ግን አንድም ሰው አላየውም። ዝም ብለው መመለስ ይችሉ ነበር። ጣታቸውን አንሥተው ጠቆሙ።

«ከኬኩ ዝቅ ብለህ እይ» አሉ። «ሽንቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ወር ከናንተ ደብቄ ተሸክሜዋለሁ።»