ዘርይሁን የእናቱን ስም ሲናገር

ዘርይሁን በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ቶሮንቶ ሲገባ ትንሿን ልጁን ኤደንን በእጁ ይዞ ነበር። ሚስቱ እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ በወባ ሞታ ቀርታለች። መቃብሯን አብሮት የቆፈረው የስደት ጓደኛው ሰይፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆኑ። ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ተከራዩ፤ ሰይፉ ታክሲ ሲነዳ፣ ዘርይሁን በአንድ ሆቴል ላንድሪ ቤት አንሶላ ሲያጥብ ዓመታት አለፉ። ኤደንና የሰይፉ ልጅ ብሩህ ከአንድ ትሪ በልተው አደጉ፤ ሲያድጉም ተዋደዱ።

ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል እንደ ሰይፉ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ዘርይሁን ግን እንቅልፍ አጣ። እናቱ ባሪያ ነበረች። ከትውልድ ቀዬው ሰው ሌላ ይህን የሚያውቁት እሱና የሞተችው ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

በፈረንጆቹ 1996 የፀደይ ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤደን ለዩኒቨርሲቲ የምትጽፈውን ፔፐር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ነበር።

«አሜሪካኖች ነፃነታቸውን ስላወጁበት ጽሑፍ ነው፣ ዳዲ» አለችው።

«ለምን ጻፉት?»

«ከእንግሊዝ ንጉሥ ለምን እንደተለዩ ለዓለም ለማስረዳት። ሌሎች መንግሥታት አገር ብለው እንዲቀበሏቸው፣ ፈረንሳይ እንድትረዳቸው። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ይላል።»

«ባሪያ አልነበራቸውም እንዴ?»

«ነበራቸው እንጂ! ዋናው ጸሐፊ ራሱ ብዙ ነበሩት። ረቂቁ ላይ የባሪያ ንግዱን በንጉሡ ላይ የሚያላክክ አንቀጽ ነበር፤ አንዳንዶቹ ስላልተስማሙ አወጡት። ካንሰል አደረጉት። ከዚያ ሁሉም ፈረሙ።»

ዘርይሁን ወደ መስኮቱ ዞረ። እናቱ የነገረችው መጣበት። ጣሊያን ወጥቶ አገር ነፃ ወጣች ተብሎ ገበያ መሃል ሲታወጅ፣ እሷ የእመቤቷን ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነበር። ሰው እልል ሲል እሷም እልል አለች። ከዚያ ጃንጥላውን እንደያዘች ከኋላ ከኋላ ተከትላ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች። ባርነት ቀርቷል የሚለው አዋጅ የመጣው ቆይቶ ነው። ያኔም ጌታዋ «ነፃ ነሽ፤ ግን ወዴት ትሄጃለሽ?» አላት። የምትሄድበት አልነበራትም። ዘርይሁን የተወለደው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ ማን እንደሆነ አገር ምድሩ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

«ምን ሆንክ?» አለችው ኤደን።

«ወገቤን ነው። አንሶላ ስሸከም ነካኝ።»

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። ሰይፉ እንደ ወጉ ቤቱ መቆየት ሲገባው ደስታው አላስቀምጥ ብሎት አብሮ መጣ። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ አቶ ተክሉ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አቶ ዘርይሁን፣ ደም እንዳይገናኝ እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር።»

ሰይፉ የራሱን እንደ ዳዊት ደገመው። ተራው የዘርይሁን ሆነ። ለዚህ ቀን ያጠናቸው የውሸት አያቶች ነበሩት፤ ስማቸው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉም እንዲስማማ እናቱን አውጥቶ መጣል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም።

«እናቴ ጸሐይወርቅ ትባላለች» አለ። «ስሙን ያወጡላት የገዟት ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር አላውቅም። ከእሷ ወዲያ የምቆጥረው የለኝም።»

ሰይፉ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። የዘርይሁንን ፊት ሲያይ ሳቁ ቆመ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስትደብቀኝ ኖርክ?»

«ያው እኔው ነኝ፣ ሰይፉ። ሚስቴን አብረኸኝ ቀብረሃል።»

«እሱ ሌላ ነው። ይሄ አጥንት ነው። ለዘመድ ምን ብዬ ልንገር?» ኮቱን አነሣ። አቶ ተክሉም «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተከተሉት።

ኤደን መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከዚህ ላድንሽ ብዬ።»

«አላዳንከኝማ» አለች፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

ብሩህ ኮል አድርጎ ጊዜ ስጪኝ አላት። ሰጠችው። በዓመቱ አባቱ የመረጠለትን ልጅ አገባ። ኤደን ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ ከተማ ዊኒፔግ ሥራ ያዘች። በየእሑዱ ለአባቷ ትደውላለች፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች። ስለ አያቷ አንስታ አታውቅም፤ እሱም አይደፍርም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘርይሁንን በአደባባይ የሰደበው የለም። ሰላምታው ብቻ አጠረ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ፣ ሰው ሲሞት፣ ወሬውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ አንድ የክረምት ጠዋት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ፣ የሕንፃቸው ሊፍት ውስጥ ከሰይፉ ጋር ብቻቸውን ተገናኙ። ሰይፉ ሸምግሏል። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ በሩ አደረጉ።

«ደህና ነህ?» አለ ሰይፉ ሳይዞር።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

በሩ ተከፈተ። ሰይፉ ቀድሞ ወጣ።