የእናቴ ፋሽን

ትናንት ልጄ አዳማ ፀጉር ቤት ከርዳዳ ፀጉሯን በደረጃ ስታስቆርጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እርጥቡ ጥቅልል ፀጉር ትከሻዋ ላይ ሲወድቅ እናቴ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን የገደሉት ሰዎች ማልቀስም ጥቁር መልበስም ከለከሉን። በእኛ ወግ ደግሞ ልጅ የሞተባት እናት ፀጉሯን ትቆርጣለች። እናቴ ጓሮ ካለው ፓፓያ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን በውሃ አራሰችና ከላይ አጠር፣ ከታች ረዘም እያደረገች በልብስ መቀስ ቆረጠችው። ቀጥላ የእኔን።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃው መንገድ ላይ አስቆመን።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሐዘን ተቀመጥሽ እንዴ?»

«የምን ሐዘን? ፋሽን ነው» አለችው እናቴ። «ለሚስትህም ያምርባታል፤ ላካት፣ እቆርጥላታለሁ።»

እሱ ሳቀ። እናም አሳለፈን።

«እንዳታለቅሺ» አለችኝ ጎንበስ ብላ። «ባደገ ቁጥር እንቆርጠዋለን።»

እንዳለችውም አደረግን። ልጅ የሞተባቸው የሰፈሩ እናቶችም አንድ በአንድ መቀሳቸውን ይዘው ወደ ጓሯችን መጡ።

ትናንት ልጄ ፀጉር ሠሪዋን «በየስንት ጊዜው ላስተካክለው?» ስትላት፣ እኔ ቀድሜ «ባደገ ቁጥር!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።