የሚቆለፈው ማብሪያ

መሣሪያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አለቃችን «አንተ ዕቃ ታውቃለህ፣ ጥሩውን ይዘህ ና» ብሎ ላከኝ፣ እኔም ይዤ መጣሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለምተርከው ሁሉ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

የምንሠራው ቶተንሃም ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ካሉት የጡብ ቅስቶች ባንዱ ውስጥ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ከጣራው አቧራ ይዘንብብናል። የአጥር በር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የመስኮት ፍርግርግ እንሠራለን። በዚያን ጊዜ አምስት ነበርን፤ ከአምስቱ አማርኛ የምንናገረው እኔና አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ብቻ ነን። ጋሼ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ለምደው፣ በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸውም የወጡበት ዘመን ላይ ቆሟል፤ አለቃችንን እስካሁን «ጓድ ሊቀመንበር» እያሉ ያሙታል። ወደ ብረት ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ለሥራ እንጂ ለቢሮ ስለማይበቃ፣ ደብዳቤ ሲመጣላቸውም ሐኪም ሲቀጥራቸውም አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

የጋሼ ሥራ ማጥራት ነበር። ብየዳ ሲያልቅ መጋጠሚያው ላይ እብጠት ይቀራል። ሜዳውን ቦታ ማንም በትልቁ ግራይንደር ይልገዋል፤ የቧንቧው ውስጥና ጌጡ የተጠማዘዘበት ጥግ ግን ለዳይ ግራይንደር የተተወ ነው። የእጅ ባትሪ የመሰለ ቀጥ ያለ መሣሪያ ነው፤ አፉ ላይ የካርባይድ ጥርስ ይታሰርበታል፣ ጥርሱም በደቂቃ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። በጥሩ እጅ ከተያዘ ብረቱ መበየዱ እንኳ እስኪረሳ ድረስ ያለሰልሰዋል። የጋሼ እጅ ጥሩ እጅ ነበር።

የድሮው መሣሪያችን በአየር የሚሠራ ነበር። ኮምፕሬሰሩ አየሩን በጎማ ይልካል፣ መሣሪያው ደግሞ ያንኑ አየር አቀዝቅዞ በያዘው ሰው ጣቶች ላይ ይተፋዋል። ማሞቂያ በሌለው ቤት፣ በሎንዶን ጥር፣ ጋሼ እንዲህ ሃያ ዓመት ሠሩ። ከመሣሪያው መንቀጥቀጥና ከብርዱ የተነሣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው እንደ ሻማ ይነጡ ጀመር። ከአውቶቡስ ወርደው ሲገቡ እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?» እላቸዋለሁ።

«ምን እሆናለሁ? እጄ አርጅቶ ነው። ቢያረጅም ካንተ ጭንቅላት ይሻላል።»

ኋላ ላይ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ እንዳቃታቸው፣ ጠዋት የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው እንደሆኑ ሰማሁ።

ኩባንያው በዓመት አንድ ጊዜ ነርስ ያመጣል። ነርሷ ቢሮ ውስጥ ትቀመጥና ከወረቀት ላይ ታነባለች፤ ጣቶችዎ ይነጣሉ? ይደነዝዛሉ? ትንሽ ዕቃ ማንሣት ያስቸግርዎታል? እኔ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ «እግዚአብሔር ይመስገን በላት» ይላሉ። እኛ ዘንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሕመሙን የሚያወጣው ቆይቶ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲጠየቅ ነው። ነርሷ ሁለተኛ አትጠይቅም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ምንም የለባቸውም» እላታለሁ። እሷ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ጋሼ ሳይን ያደርጋሉ፣ ከፊርማቸው ሥር እኔ በአስተርጓሚነት ሳይን አደርጋለሁ።

እውነቱን ብናገር ከመሣሪያው ያነሷቸዋል፣ ከተነሡ ደግሞ መጥረጊያ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ለራሴ የምነግረው ምክንያት ይህ ነበር። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ያስተማረኝን ሰው ገመና በባዕድ ፊት ማውጣት አፈርኩ። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ነቅዟል።

ኮምፕሬሰሩ ሲሞት አለቃችን በባትሪ የሚሠራ ዳይ ግራይንደር እንድገዛ አዘዘኝ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አንድ የብርድ ወራት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ምኞታቸው አንዲት ናት፤ ማንም ሳያስወጣቸው፣ የመጨረሻውን ቀን ሠርተው፣ ቱታቸውን በገዛ እጃቸው አውልቀው መሄድ። «በእጄ ገባሁ፣ በእጄ እወጣለሁ» ይሉ ነበር።

በአውቶቡስ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ወዳለ የዕቃ መደብር አብረን ሄድን። ሻጩ በሕይወቱ ብረት ነክቶ የማያውቅ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን መልሶ የሚያነብልን ሰው ነበር። «ይሄኛው በጣም ኃይለኛ ነው» ይለኛል። ኃይሉን ማን ጠየቀው? እኔ የምፈልገው ባትሪው ሲገባ ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ነው። ፍጥነቱ ዝቅ ይል እንደሆነም ጠየቅኩ፤ አሉሚኒየም በከፍተኛ ፍጥነት ሲፋቅ ጥርሱን ይደፍነዋልና። ከሁሉ በላይ የመንቀጥቀጡን ልክ ፈለግሁ። እሱ በመመሪያው ወረቀት መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፣ ገዢ ሁሉ ያልፈዋል። እኔ አላለፍኩትም። ሻጩ ያቀረበልንን የሦስቱን መሣሪያዎች መመሪያ ዘርግቼ አነጻጸርኩ፣ የባሰውን አወጣሁ፣ ለጋሼ እጅ የተጨነቅሁ መስሎኝ በራሴ ኮራሁ።

ሁለት ቀሩ። በክብደትም በመንቀጥቀጥም አይለያዩም፤ የሚለያዩት በማብሪያቸው ነው። አንደኛው ሆዱ ሥር ረጅም ምላስ አለው፤ ሲጨብጡት ይዞራል፣ ሲለቁት ወዲያው ይቆማል። የሁለተኛው ማብሪያ ወደ ፊት ተገፍቶ ይቆለፋል፤ አንዴ ከተቆለፈ ቢለቁትም መዞሩን አያቆምም።

ሻጩ ባትሪ አገባልንና ጋሼ የመጀመሪያውን ጨበጡ። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቆመ። እንደገና ጮኸ፣ እንደገና ቆመ። ሳያውቁት ጣታቸው እየላላ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መለሱትና ሁለተኛውን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ቆለፉት። ሳይቆራረጥ ዞረ።

«ይሄ ይሻላል» አሉኝ።

«ያኛው እኮ ጋሼ፣ ቢያመልጥዎት እንኳ ይቆማል።»

«አያመልጠኝም። እባክህ።»

ጋሼ እባክህ ሲሉኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ሻጩ የትኛውን እንደምንወስድ ጠየቀኝ። የሚቆለፈውን አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ። ሞተሩ ስለሚሞቅ እጃቸውን አይበርዳቸውም፣ የሚጎተት ጎማ የለም፣ ደረጃ ላይ ወጥተው እንኳ ይሠሩበታል። ጋሼ ደስ አላቸው፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ እንደ አዲስ ያስተምሩኛል። «ጥርሱን እስከ ጉሮሮው አስገብተህ እሰረው፣ እንደ ምላስ አታንጠልጥለው። ደግሞ አትጫነው። አሳርፈው፣ መብላቱን እሱ ያውቅበታል። ከተጫንከው ይዘላል።» ሁለት ጊዜ ቆልፈውት ለምሳ ሊሄዱ ሲሉ አጠፋሁላቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሳቅን።

በጥር አንድ ጠዋት የደረጃ መደገፊያ የቧንቧ ጫፍ እያጠሩ ነበር። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ በሞርሳ የታሰረ ብረት እሞርዳለሁ። ጥርሱ ጠርዝ ነክሶ ሲዘል የሚያሰማውን አጭር ጩኸት ሰማሁና ቀና አልኩ። መሣሪያው ከቀኝ እጃቸው አምልጦ፣ በግራ እጃቸው ላይ አልፎ፣ ጠረጴዛው ላይ እየተንገላታ ይሽከረከራል። ጋሼ ቆመዋል። ግራ እጃቸው ቧንቧውን እንደያዘ ነው። ጓንቱ ከሁለት ጣቶች ላይ ተጠቅልሎ ሄዷል።

መነጽራቸው በብረት አቧራ ተሸፍኖ ነበር። ጎንበስ ብለው ቧንቧውን አዩና «ይሄ ዘይት ከየት መጣ?» አሉኝ።

መሣሪያውን ይዤ ባትሪውን ነቀልኩ። «ጋሼ፣ እጅዎን አይዩት» አልኳቸው። አዩት። አልጮኹም፤ የሚያስጮህ ነገር አልተሰማቸውም።

ሆስፒታል የእጅ ሐኪሟ ከአደጋው በፊት ጣቶቻቸው ይሰማቸው እንደነበር ጠየቀች። ከልማድ የተነሣ ዞሬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጣራ ጣራውን እያዩ «እግዚአብሔር ይመስገን በላት» አሉ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። «ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ አይሰማቸውም» አልኳት። ጻፈች። ቀና ብላ «ታዲያ ማንም አያውቅም ነበር?» አለች። ይህን አልተረጎምኩም፤ ያችን ያህል እንግሊዝኛ ግን ጋሼም አያጡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ጋሼ ተመልሰው ወደ ሥራ አልመጡም። ቱታቸው አንድ ወር ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ፣ የሚያነሣው ሰው ሲጠፋ እኔ አጥፌ በፌስታል ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ባለቤታቸው ተቀብለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ፣ ሲያለቅሱም ሰማኋቸው። በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጋሼ «ምን አጠፋህ? በላት ያልኩህን ነው ያልካት» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሌሊት ይህችን ቃል አመንዥኬአለሁ፣ አንድም ቀን አላጽናናችኝም።

የጋሼን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ። የሚቆለፈውን መሣሪያ መልሰን ሲለቁት የሚቆመውን ገዛን። ሁለት ዓመት ሆነ። እኔም ግን ከዚያ በፊት ከጋሼ ጋር እየተፈራረቅሁ አሥራ አራት ዓመት የአየሩን መሣሪያ ይዣለሁ፤ ብርድ የገባ ጠዋት ቀኝ እጄን ይነዝረኝ ጀመር። ዘንድሮ ነርሷ ስትመጣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ «ያመኛል» አልኳት፣ ክሊኒክ ቀጠሩኝ።

ጋሼ ሲሰሙ አብሬህ ካልሄድኩ አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ግራ እጃቸውን በካፖርታቸው ሸፍነው «ዛሬ ደግሞ እኔ ላስተርጉምልህ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

የክሊኒኳ ነርስ እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከጸጉር የማይወፍር ክር አሳየችኝ። ዓይንህን ጨፍን፣ ክሩ በነካህ ቁጥር «አዎ» በለኝ አለችኝ። ጨፈንኩ። ከበሩ ውጭ ሰው ሲያስል ይሰማኛል። የነርሷ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። አጠገቤ ጋሼ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ጠበቅኩ። ወረቀት ላይ ስትጽፍ ሰማሁ።

«ዝግጁ ነኝ፣ መጀመር ትችያለሽ» አልኳት።

ጋሼ ደህናውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው በአማርኛ ነገሩኝ፤

«ጨርሳለች ልጄ።»