ያለ ጊዜ የተሰጠ አድራሻ

በሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ ሸሕዲ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ በሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረግሁ እተዳደራለሁ። ደንበኞቼ የሰሊጥ አጫጆች ናቸው። ስልኮቹ እስኪሞሉ ስለ ጥቁር ጉድጓድ አነባለሁ፤ ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው የሰማይ አካል። አንዱ አንቀጽ ሳይገባኝ ወደ ቀጣዩ ስለማላልፍ ንባቤ ቀርፋፋ ነው።

አጨዳው ሊያልቅ ሲል አንድ የጎጃም አባት ስልካቸውን ሰጡኝ። አምና ለአጨዳ የወረደ ልጃቸው አልተመለሰም። የነገራቸውን ቦታ በቃላቸው ይዘዋል፤ ከትራክተር መጠገኛው ቀጥሎ፣ ሁለተኛው የቆርቆሮ ዳስ። ከዚያው መምጣታቸው ነበር። ዳሱን አግኝተውታል፤ የሚያድሩበት ግን ሌሎች ናቸው።

"ቦታውን አልሳቱም" አልኋቸው። "ጊዜው ነው የተለወጠው። የአንድን ነገር መገኛ ለመናገር ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አይበቁም፤ ጊዜም አራተኛ ሆኖ ይቆጠራል።"

አጠገቤ ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤቴ ሳቀ። "አባቴ፣ ይኼ ሰማዩን ጨርሶታል፤ ጎንደርን ግን ገና አላያትም።" ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው። "በዚያ ዳስ ያድር የነበረው፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈው ልጅ የእርስዎ ነው?"

"እሱ ነው።"

"አምና ከአጨዳው በኋላ የመተማን ድልድይ ተሻግሮ ሱዳን ገባ። የዚያ አገር ጦርነት ሳይጀመር።"

ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። "እንግዲያ እኔም ልሻገራ።"

ምን ብዬ እንደማስቀምጣቸው ስላጣሁ ያነበብሁትን ነገርኋቸው። ጥቁር ጉድጓድ ጠርዝ አለው፤ ያንን ያለፈ መልእክት መላክ አይችልም። ከሩቅ ለሚያየው ግን ሲያልፍ አይታይም፤ ጠርዙ ላይ እየዘገየ፣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

"እናቱም እንደዚያ ናት" አሉ። "ዛሬም ከበር ሲወጣ ነው የሚታያት።" ዱላቸውን ተደግፈው፣ "ያለፈውስ? ማለፉ ይታወቀዋል?"

"ጉድጓዱ በጣም ትልቅ ከሆነ አይታወቀውም። ሰዓቱም ለእሱ እንደ ወትሮው ይሄድለታል።"

ተቀመጡ። ፊታቸው ረጋ ሲል እኔን ጨነቀኝ፤ ምሳሌዬ ልክ አልነበረም። "አባቴ፣ ሱዳን ግን ጥቁር ጉድጓድ አይደለችም። ከጥቁር ጉድጓድ የተመለሰ የለም፤ በዚያ ድልድይ ግን ከጦርነቱ ሸሽተው በየቀኑ የሚመለሱ አሉ። እርስዎ ከገቡ እናቱ ሁለት ሰው ትጠብቃለች።"

"እሱስ እውነቱን ነው" አለ ጎማ ለጣፊው። ሲቀልድብኝ ቆይቶ ከእኔ ጋር መስማማቱ ገረመኝ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። "እንግዲያ ከድልድዩ ወዲህኛው ጫፍ እቀመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ። "የሚሻገረውን ሁሉ እጠይቃለሁ።"

ጎረቤቴ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ የመተማ ሚኒባስ ሊያስቆምላቸው ወደ አስፋልቱ ወጣ።