ባለቤቴ በቆላ የከፈተው ወርክሾፕ

ከኤርትራ ነጻነት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ባለቤቴ አስመራ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ሬዲዮና ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ የተጋባነውም እዚያው ሲሆን እኔ ተከትዬው አስመራ ገባሁ። ሥራ ሞልቶለት ሳለ ልቡ ግን በምዕራቡ ቆላ፣ ከባሬንቱ ወዲያ ባለችው የትውልድ ከተማው ነበር። ባትሪ በፀሐይ የሚሞላ መሣሪያ እዚያው ሊገጣጥም ፈለገ።

«መብራት በሌለበት አገር ማን ኤሌክትሮኒክስ ይሠራልሃል?» አልኩት።

«መብራት ስለሌለ ነው እኮ የምሄደው» አለኝ።

በትግሉ ጊዜ የመገናኛ ሬዲዮ ትጠግን የነበረች፣ የዚያው ከተማ ልጅ የሆነች ታጋይ አብራው ልትሠራ ተስማማች። እኛ ቤት ተቀምጣ ስትለማመድ ከረመችና አብረው ወርደው ወርክሾፑን ከፈቱ። የመጀመሪያውን መሣሪያ ለጤና ጣቢያው ሰጡት። ባለቤቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ ግን እየሳቀ ገባ።

«አንዲት ሴት በእኛ መብራት ወለደች» አለኝ። ሻሂው እስኪቀዘቅዝ ስለዚያ ሕፃን አወራኝ።

በቀጣዩ ክረምት ወባ ያዘው። ወደ አስመራ ሊያመጡት በጭነት መኪና ጫኑት፤ መንገድ ላይ ግን ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው።

«ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን» አለችኝ ታጋይዋ፣ አስከሬኑን ይዛ ስትደርስ። «ጭንቅላቱ እኔ ጉልበት ላይ ነበር። አንቺን ይጠራ ነበር፣ ሓፍተይ፣ እህቴ።»

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወርክሾፑን ምን ላድርገው ብላ ጠየቀችኝ።

«አትዝጊው» አልኳት።

አልዘጋችውም። የጎደላትን ዕቃ ከአስመራ እየገዛሁ በአውቶቡስ እልክላት ነበር። ሁለት የከተማዋን ልጆች አሠልጥና ቀጠረች፤ አልፎ አልፎ ስትመጣም ባለቤቴ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ትቀመጣለች።

ከዚያ የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት መጣ። እሷም፣ ሁለቱ ልጆችም ተጠሩ። ወርክሾፑን ቆልፋ መበየጃውንና መለኪያዎቹን በጆንያ ይዛልኝ መጣች። የምትሄደው እኔ የተወለድኩበትን አገር ልትዋጋ ነበር። ሁለታችንም ይህን አላነሳንም።

«ስመለስ እወስደዋለሁ» አለች።

«ሕራይ፣ እሺ» አልኳት፤ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኋት።

አልተመለሰችም። ስለ ሞቷ የሰማሁት ከእህቷ ነው። እኔም ብዙ ሳልቆይ አስመራን ለቅቄ ወጣሁ። ጆንያውን ለማን እንደምሰጥ አላወቅኩም፤ እሱንም ቤቱን ለተከራዩት ሰዎች ትቼላቸው ሄድኩ።