ደሴ ሄጄ እማራለሁ

እንዶድ በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዛሬም ጎረቤቴ ጋቢ ስታጥብ ሸተተኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪያችን በእንግሊዝኛ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍሎ ያስለምደናል፤ አንዱ ተማሪ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርሳል። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። ስለዚህ ከጓደኛዬ ከዘይነባ ጋር ሐይቁ ዳር ልብስ በእንዶድ እያጠብን እንለማመድ ነበር። እኔ በእንግሊዝኛ «ፈተናውን ካለፍኩ» እላለሁ፤ እሷ «ደሴ ሄጄ እማራለሁ» ብላ ትጨርሳለች።

አጎቴ በቅሎውን ሊያጠጣ መጣ። የቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ በየስብሰባው «ሴቶች ይማሩ!» እያለ ይጮኻል።

«ምንድን ነው የምትንጫጩት?» አለን።

ዘይነባ በአማርኛ ነገረችው።

«ደሴማ ኢንሻአላህ ትሄዳለች» አለ እየሳቀ፤ «ባሏ ከፈቀደላት።»

መታጨቴን የሰማሁት ያኔ ነው።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው የሰጣችሁኝ?» ብዬ ጮህኩ። ጀልባ ላይ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ዞር አሉ።

«ወይ ጉድ! ይቺ ልጅ ለካ አፍ አላት!» አለ አጎቴ።

ለፈተናው አልተቀመጥኩም። እሱ ዛሬም ዒድ በመጣ ቁጥር ቤቴ ገብቶ፣ ባሌ ፊት፣ «ያን ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?» እያለ ሰው ያስቃል። ባሌም አብሮ ይስቃል። እኔ ወጥ እጨምርላቸዋለሁ።